የኦይታ ግማሽ

በ1989 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዶክተር አገኘሽ አርባ ምንጭ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ያገኘች መስሏት ነበር። ነገሩ የጫሞ ሐይቅ ዳር ሰዎችን ጉበት የሚመለከት ነው። ጨንቻ ተወልዳ ስዊድን ድረስ ሄዳ የአንጎል መድኃኒቶችን ያጠናች፣ ከሰው ይልቅ ከአይጥ ጋር ብዙ ዓመት ያሳለፈች ፋርማኮሎጂስት ናት። ወደ አገሯ ስትመለስ ግን የመረጠችው ጥያቄ የሰው ነበር፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል በጋሞ ሰው ደም ውስጥ እንዴት እንደሚቆይ ማወቅ ፈለገች። ለዚሁ ሥራ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር አንድ ቪላ ተከራይታ፣ ሁለት አልጋ ዘርግታ፣ ሲስተር ሸዋንዳኝ የምትባል ነርስ ቀጥራ በሽተኞችን መመዝገብ ጀመረች።

ከተመዘገቡት ሁሉ ለጥያቄዋ ዋናው ሰው ኤርጫፎ ነበር። ኤርጫፎ የጫሞ ዓሣ አጥማጅ ነው። ታላቅ ወንድሙ ኦይታ ከኋላ ሆኖ ጀልባውን ሲመራ፣ እሱ ከፊት ሆኖ መረብ ይጥላል፣ ይስባል። በሽታው በጠራራ ፀሐይ ዓሣ ገዢ ሁሉ እያየው ስለሚጥለው የማያውቅለት ሰው አልነበረም። አገኘሽ በቀን አንድ መቶ ሚሊግራም ጀመረችለት፤ መውደቁ አልቆመም። መቶ ሃምሳ አደረገችው፤ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሁለት መቶ ስታደርሰው ቆመ። ነገር ግን አዲስ አበባ እየተላከ በሚመረመረው ደሙ ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት ሁልጊዜ ከሚጠበቀው ግማሹ ብቻ ነበር። ሰውየው ሁለት መቶ ወስዶ ይሄዳል፤ መቶ የዋጠ ሰው ደም ይዞ ይመለሳል።

ይህን በሁለት መንገድ መተርጎም ይቻላል። አንደኛው፣ ኤርጫፎ መድኃኒቱን በሙሉ አይውጥም የሚል ነው። እሱና ሚስቱ በለጥሽ ግን አንዲት ክኒን እንኳ መሬት እንዳልወደቀች ማሉላት፤ መሐላቸውም እውነት ነበር። ሁለተኛው፣ የሐይቅ ዳር ሰው ጉበት መድኃኒቱን ከሌላው ሰው ጉበት ይልቅ በፍጥነት ይፈጀዋል የሚል ነው። አገኘሽ ሁለተኛውን ወደደችው። ሳይንቲስት አንድን ትርጉም ሲወድ ከሌላው አፍቃሪ የተለየ አይደለም፤ የወደደውን ሰው ጥርስ ሲቆጥር አይገኝም።

ገና ከምዝገባው ጀምሮ አንድ ደንብ ነበራት። በወፍራም ብዕር ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች፤ ማንበብ ለማይችሉትም በአማርኛና በጋሞኛ እየደጋገመች ታሰማለች፦ ከዚህ መድኃኒት ለሌላ ሰው ያካፈለ ከጥናቱ ይወጣል፤ መድኃኒትም አያገኝም። ደንቡን ያመጣችው ከስዊድን ነው። እዚያ ማንም ሰው ክኒኑን ከማንም ጋር ስለማይካፈል ደንቡ ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

ጽሑፏን ለመላክ የቀራት አንድ ማረጋገጫ ብቻ ነበር። ኤርጫፎ ለጥቂት ሳምንት ቪላው ውስጥ እንዲተኛ ተስማማ። መድኃኒቱን ሲስተር ሸዋንዳኝ በእጇ ታስውጠዋለች፤ እሱም አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አንሥቶ መዋጡን ያሳያል። ከዚያ በኋላም ደሙ በግማሽ ከተገኘ፣ የጉበቱ ነገር አከራካሪነቱ አበቃ። አገኘሽ ገና ውጤቱ ሳይመጣ እንደ ተረጋገጠለት ሰው መራመድ ጀምራ ነበር።

ኤርጫፎ ከተኛ ሳምንት ሊሞላው ሲል፣ አንድ ቀን ከምሳ በፊት፣ ሲስተር ሸዋንዳኝ የላቦራቶሪውን በር ገፋ አድርጋ ገባች።

«ዶክተር፣ ይህ ሰው የመጣው ሊመረመር ነው ወይስ የአባቱን እንቅልፍ ጨምሮ ሊተኛልን? ከትናንት ጀምሮ ማንኪያ አፉ ውስጥ እንዳለ ያንቀላፋል።»

አገኘሽ እየሳቀች ወደ ኤርጫፎ ክፍል ገባች፤ አልጋው አጠገብ ስትደርስ ግን ሳቋ ቆመ። ኤርጫፎ ሲጠሩት ዓይኑን ገለጠ፤ ስሙን ሲጠየቅ ምላሱ ተጎተተ። ጣቷን እንዲከተል ስታዘው ዓይኖቹ ወደ ጎን ሄደው እዚያው ተንቀጠቀጡ። ደግፈው ሲያቆሙት ጠጅ ቤት አምሽቶ እንደ ወጣ ሰው ተወላገደ።

አገኘሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለወራት በየቀኑ ሁለት መቶ ሚሊግራም የለመደ አንጎል፣ በዚያው በሁለት መቶ አይሰክርም። ጉበቱ መድኃኒቱን የሚፈጅ ቢሆን ኖሮማ ጭራሽ ነቅቶ ይገኝ ነበር። እንግዲህ ኤርጫፎ ሙሉውን መጠን ሲውጥ ይህ የመጀመሪያው ነው ማለት ነው። ያ የሚያምረው ጉበት በአንድ አፍታ ፈረሰ። ለአፍታ ያዘነችው ለጽሑፏ ነበር፤ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ግን ጽሑፉን አስረሳት።

ኤርጫፎ ሲውጥ የኖረው ግማሹን ብቻ ከሆነ፣ ከክኒኖቹም መሬት የወደቀ ከሌለ፣ ሌላውን ግማሽ የሚውጥ ሰው አለ። የዚያ ሰው አንጎልም መድኃኒቱን ለምዷል። መድኃኒቱ የሚደርሰው በኤርጫፎ እጅ ነው፤ ኤርጫፎ ደግሞ እዚህ ተኝቷል። ፌኖባርቢታል ከደም ተሟጦ የሚወጣው ቀስ እያለ ስለሆነ፣ በድንገት ያቋረጠ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደኅና ሆኖ ይሰነብታል። ክፉው ነገር የሚመጣው ሳምንት ግድም ነው። አገኘሽ ይህን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች፤ ዶክትሬቷን የሠራችበት ጉዳይ ይኸው ነበር። ስዊድን ውስጥ መድኃኒቱን አስለምዳ ያቋረጠችባቸው አይጦች መጀመሪያ ላይ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ። ከዚያ አንዱ ይወድቃል። መንቀጥቀጡ ሳይቆምለት ሌላ መንቀጥቀጥ ይደረብበታል። ብዙዎቹ አልተነሡም ነበር።

ኤርጫፎን ትከሻውን ይዛ ግማሹን ለማን እንደሚሰጥ ጠየቀችው። እሱም ከሩቅ እንደሚናገር ሰው፣ «ብቻዬን እንዴት እውጣለሁ?» አለና ተመልሶ ተኛ።

በለጥሽ እንደ ልማዷ ምሳውን ይዛ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከበቆሎ ዱቄት የተድቦለቦለ ኩርኩፋ ከሀሌኮ ቅጠል ጋር። ባሏን አይታ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። አገኘሽ ወንበሩን ለቀቀችላት፤ አልተቀመጠችም። ግማሹን ማን እንደሚወስድ ስትጠየቅ፣ ማንም አይወስድም አለች። ቀጥላ፣ ጥቂቱ ሐይቅ ገብቶ ነበር አለች። ቀጥላ፣ ዶሮ ለቅማዋለች አለች። ሲስተር ሸዋንዳኝ ዶሮይቱ ይኼኔ ቆጥ ላይ መውጣት አቅቷት ይሆናል ብትል የሳቀላት አልተገኘም።

አገኘሽ የበለጥሽ ዓይን በየመልሱ መካከል ወዴት እየሄደ እንደሚመለስ ልብ አለች። ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ደንብ ነበር። በለጥሽ ማንበብ አትችልም፤ ምን እንደሚል ግን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች።

አገኘሽ ሄዳ ወረቀቱን ከግድግዳው ገነጠለችው። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የቀደድኩትም እኔ ነኝ። ከጥናቱ የሚወጣ የለም። መድኃኒት የሚቀርበትም የለም።»

በለጥሽ ግድግዳው ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ አየች፤ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች። አገኘሽ ልትጮኽባት ፈልጋ ነበር፤ ቢሆንም ወረቀቱን በእጇ ጨምድዳ ጠበቀቻት።

«አንድ ሰው ይህን ነገር ለምዶ ቢያቋርጠው» አለች በለጥሽ በመጨረሻ፣ «ምን ይሆናል?»

«ኩልፎ ወንዝ ላይ ለሙዝ ውኃ ሲጠልፉ አይተሻል። የገደቡትን ቀስ እያሉ ቢከፍቱት ውኃው በሰላም ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ቢሰብሩት ግን ሙዙንም ሰውየውንም ጠርጎ ይወስዳል። መድኃኒቱ ግድቡ ነው።»

«ዛሬ ይሆናል?»

«ዛሬ ሊሆን ይችላል። ትናንት ሆኖም ሊሆን ይችላል።»

«ትናንት አልሆነም» አለች በለጥሽ። «ኦይታ ዛሬ ጠዋት ደኅና ነበር። አሁን ሐይቅ ላይ ነው።»

የቀረውን በጥድፊያ ነገረቻት። ኦይታን የሚጥለው በእንቅልፉ ብቻ ነው፤ ከቤተሰብ በቀር ያየው የለም። የጀልባ መሪ በሽታው የሚጥለው መሆኑ ከተሰማ አብሮት የሚሳፈር አይገኝም፤ ስለዚህ ሊመዘገብ አልቻለም። ጀልባ ላይ ደግሞ ዓሣውም፣ ቂጣውም፣ ትንባሆውም እኩል ነው የሚካፈለው። ኤርጫፎ ክኒኑን ከፊቱ አስቀምጦ ለብቻው መዋጥ ነውር ሆነበት። መጠኑ በተጨመረ ቁጥር ለሁለቱም ተጨመረ። ኤርጫፎ ለመተኛት ሲመጣ ለወንድሙ ጥቂት አስቀምጦለት ነበር፤ እሱም ቶሎ አለቀ።

አገኘሽ ክኒን፣ መንቀጥቀጥ የሚያቆም የዲያዜፓም መርፌና ጓንት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሲስተር ሸዋንዳኝ የኤርጫፎን ትንፋሽ እንድትጠብቅ፣ የማታውንም መጠን እንዳትሰጠው ነግራት ወደ ጎረቤቱ አጥር ሮጠች። ጎረቤታቸው ጀማል ከጫሞ ዓሣ እየሰበሰበ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ፒክአፕ አለው፤ ሐይቁ ዳር ደግሞ ሞተር ያላት አንዲት ጀልባ። አገኘሽ ሐይቅ ላይ አንድ ሰው ሊሞትባት እንደሚችል ነገረችው፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገረችውም። ጀማል የያዘውን የበረዶ ሳጥን መሬት ላይ ጣለው።

«ከፊት ይግቡ ዶክተር። ከኋላ ከተቀመጡ ከዓሣው ጋር ተመዝነው ይሸጡብኛል።»

የኩልፎን ድልድይ እንደተሻገሩ ሙዝ የጫነ ጋሪ ጎማው ወልቆ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ባለጋሪው ሙዙን አንድ በአንድ እያወረደ ነው፤ ሙዝ ደግሞ ሲወርድ እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው። ጀማል ጥሩንባውን ነፋ፤ ባለጋሪው በትሕትና ሰላምታ ሰጠውና ሌላ ዘለላ አቀፈ። ጀማል መሪውን ወደ ግራ ሰብሮ በመስኖ ቦይ ውስጥ ገባ። ፒክአፑ አንድ ጊዜ ሰጠመ፤ ጎማው ጭቃ እየተፋ ዞረ፤ አገኘሽ ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ አጥብቃ ያዘች። ወጡ።

«ለመሆኑ ማን ነው?» አላት ጀማል።

«አንድ ሰው ነው።»

«አንድ ሰው ከሆነ ይበቃል» አለና ማርሽ ለወጠ።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ውኃውን መሸብሸብ ጀምሮ ነበር። የኦይታ ጀልባ ከሩቅ፣ አዞዎች ፀሐይ ከሚሞቁበት የአሸዋ ምላስ አጠገብ ትታያለች። ኦይታ ከኋላ መቅዘፊያውን ይዞ ቆሟል፤ ከፊት መረብ የሚስበው ማርቆስ ነው። ኤርጫፎ እስኪመለስ በምትኩ የገባ ጉልበተኛ ወጣት ነው፤ ስለ ክኒኑ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም።

ጀማል ሞተሩን አስነሣ። አገኘሽ ዋና አትችልም። ውኃው እየተረጨ ፊቷን ሲመታት የምታስበው ግን ሌላ ነገር ነበር። በጩኸት ብትነግረው ማርቆስ ይሰማል፤ ኦይታም ይክዳል፤ ክዶም ቆሞ ይቀራል። ባትነግረው ደግሞ የሚቀመጥበት ምክንያት የለውም።

ሲቃረቡ ኦይታ ቀድሞ አያት። የሐኪም በጀልባ መምጣት ለእሱ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው።

«ኤርጫፎ ሞተ?»

«ደኅና ነው አቶ ኦይታ። አደራ ሰጥቶኝ ነው የመጣሁት። እስቲ ቁጭ ይበሉና ይቀበሉኝ።»

«ቆሜ እቀበላለሁ። ምንድን ነው?»

ማርቆስ መረቡን መሳብ አቁሞ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያል። አገኘሽ ክኒኑን በመዳፏ ይዛ እጇን ዘረጋች። ኦይታ ምን እንደያዘች አወቀ። ፊቱ ጠቆረ።

«የኤርጫፎ ነገር ለኤርጫፎ ይሰጠው። እኔ ምን አገባኝ?»

«እባክዎ ይቀመጡ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ በጀልባዬ ላይ ቁም ተቀመጥ የሚለኝ…»

አልጨረሰውም። የግራ አውራ ጣቱ መቅዘፊያው ላይ ብቻዋን መዝለል ጀመረች። ኦይታ አያት፤ የሌላ ሰው ጣት እንደሆነች ሁሉ በመገረም አያት። ከዚያ ክንዱ ተከተለ፤ ራሱ ወደ ጎን ዞረ፤ እንደተቆረጠ ዛፍ ወደ ውኃው ዘመመ።

ማርቆስ ዘሎ ቀበቶውን ያዘው። ግማሽ አካሉ ጀልባው ውስጥ፣ ግማሹ ከጠርዙ ውጭ ሆነ። ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተኝታ ውኃ ጠጣች። የተሳበው መረብ በሞላ በኦይታ እግር ላይ ተጠምጥሞ ተመልሶ ወደ ሐይቁ መንሸራተት ጀመረ፤ ዓሣ የያዘ መረብ ሲወርድ ይከብዳል፤ ሰውየውንም ይዞት ይወርድ ጀመር። ጀማል ጀልባውን አስጠግቶ በአንድ እጁ የኦይታን ጀልባ ጠርዝ ያዘ። አገኘሽ ቀና ስትል ቅድም አሸዋው ላይ ተጋድመው ከነበሩት አዞዎች አንድም አልነበረም፤ አሸዋው ባዶ ነው።

«መረቡን ቁረጠው» አለችው ማርቆስን።

ማርቆስ ለአፍታ አመነታ። መረብ የቤተሰብ ኑሮ ነው፤ የራሱ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይቀል ነበር፤ ያውም የሰው መረብ ነው። ከዚያ ቢላውን አውጥቶ ቆረጠው። መረቡ ከነዓሣው ጨለማው ውኃ ውስጥ ገባ፤ ሰውየው ቀለለ፤ ሁለት ሆነው ወደ ውስጥ ጎተቱት።

መንቀጥቀጡ አልቆመም። አገኘሽ በጉልበቷ እየዳኸች ተሻግራ በጎኑ አስተኛችው፤ ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሱ በታች አደረገች። በማዕበል በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ፣ በሚንቀጠቀጥ ክንድ ውስጥ ደም ሥር ማግኘት አይታሰብም። መርፌውን ከስሪንጁ ነቀለችና መድኃኒቱን ለሕፃናት በሚሰጥበት በሌላው መንገድ፣ በመቀመጫው በኩል ሰጠችው። ጀማል ያን ጊዜ ድንገት የተራሮቹን ውበት ለማየት ፊቱን አዞረ። ከዚያ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ መጠበቅ ብቻ። የኦይታ ከንፈር ሰማያዊ ሆነ። አገኘሽ አይጦቹን አስታወሰች። መንቀጥቀጡ ላላ፤ እንደገና ጠበቀ፤ ማርቆስ በጋሞኛ ይጸልያል፤ እንደገና ላላ። ከዚያ ኦይታ አንድ ረጅም፣ ሻካራ ትንፋሽ ሳበ፤ ቀጥሎም ሌላ።

ጀልባዋን በሞተር እየጎተቱ ወደ ዳር ወጡ። ኦይታ የነቃው ሣሩ ላይ ተጋድሞ ነው፤ ዙሪያውን ዓሣ ገዢውም አጥማጁም ቆሟል። የተደበቀ ነገር አልቀረም። ሁሉም ማርቆስ ምን እንደሚል ይጠብቅ ነበር።

«ከአንድ ሳህን እየበላን» አለው ማርቆስ፣ «በሽታህን ለብቻህ በላኸው።» ሄዶ ከጀልባዋ ውስጥ ውኃውን ይቀዳ ጀመር።

ኦይታ ፊቱን ወደ አገኘሽ አዞረ። «ከመሪው ታነሺኛለሽ?»

አገኘሽ ሌላ መልስ ብታገኝ ምንኛ በወደደች። «አነሣዎታለሁ። ክኒኑን በራስዎ ስም ይወስዳሉ። ሁለት ዓመት ሳይጥልዎት ካለፈ መጥተው ይጠይቁኝ።»

አላመሰገናትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳር ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር፤ ጀልባዋን ማርቆስ ይመራል፤ መጠኑ የተስተካከለለት ኤርጫፎም ከፊት ወደነበረው ቦታው ተመለሰ። አገኘሽ ወደ ሐይቁ በወረደች ቁጥር ኦይታ የሚጠግነው ቀዳዳ ድንገት ትኩረት ይበዛበታል። መድኃኒቱን ግን አንድ ቀን አላስተጓጎለም።

እሷም የጉበቱን ጽሑፍ ቀደደችው። በምትኩ ስለጠፋው ግማሽ አንድ አጭር ጽሑፍ ጻፈች፤ ብዙ መጽሔት መለሰባት፤ በመጨረሻ ማንም የማያነበው አንዱ አወጣላት። ሌሎቹን በሽተኞች ደግሞ አዲስ ጥያቄ ትጠይቃቸው ጀመር፦ ከማን ጋር ይበላሉ? መልሱን ስትሰማ የጥናቷ ሰዎች ቁጥር በእጥፍ ሊጨምር ምንም አልቀረው።

በ1991 ዓ.ም. ኦይታ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቪላው ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ሁለት ዓመት ሞልቷል። አንድም ቀን አልጣለውም፤ በእንቅልፉም ቢሆን፤ ሚስቱም በለጥሽም መስክረዋል። አገኘሽ መረመረችው። መድኃኒቱን ካላቋረጠ መምራት እንደሚችል ነገረችው።

«ታምኚዋለሽ?» አላት።

«መድኃኒቱን? አምነዋለሁ።»

«እንግዲያው አብረሽኝ ተሳፈሪ። አንቺ ከተቀመጥሽ ሌላውም ይቀመጣል።»

አገኘሽ ሳይንሱ የሚለውን ታውቃለች። ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። ዋናም አልተማረችም። ሲስተር ሸዋንዳኝ ዲያዜፓሙን ሳትጠየቅ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው።

ሐይቁ ዳር ሰው ተሰብስቦ ነበር። ጀማል ጫማዋን ለእሱ ትታለት እንድትሄድ ለመናት፤ አዞ ጫማ ማውለቅ ስለማያውቅ ይበላሻል አለ። ማርቆስ መቅዘፊያውን ለኦይታ አቀበለና ከፊት ከኤርጫፎ አጠገብ ተቀመጠ። አገኘሽ መሐል ላይ፣ ፊቷን ወደ መሪው አዙራ ተቀመጠች። ጀልባዋ ከዳር ተነሣች፤ ድምፁ ሁሉ ቀስ በቀስ ራቀ፤ የአሸዋው ምላስ ቀረበ፤ ነፋሱ ተነሣ። ኦይታ ቆሞ ይመራል። ሐይቁ ያን ዕለት እጅግ ያምር ነበር አሉ፤ እሷ ግን አላየችውም። እስኪመለሱ ድረስ ዓይኗን ከግራ አውራ ጣቱ ላይ አላነሣችም።